የጅቡቲው «ልውጥ» ትንኝ እና የድሬዳዋ በርሜል፦ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጅቡቲ ውስጥ ዘረመሉ የተለወጠ የወባ ትንኝ ተለቀቀ ሲባል ሰማሁ። ባቡሩም ከባድ መኪናውም ከዚያ በቀጥታ ወደኛ ነው የሚመጣው። ይሄ ትንኝ ድሬዳዋ ገብቶ ልጆቻችንን ቢነክስ ደማቸው ላይ ምን ያደርጋል? ቡርኪና ፋሶ የከለከለችውስ ጎጂ ስለሆነ አይደለም? በሌላ በኩል በእርግጥ ወባን የሚያጠፋ ከሆነ የኛ ከተማ ለምን አታስመጣውም፣ ሕጉስ ይፈቅዳል? የምኖረው ሳቢያን ነው። ግቢዬ ውስጥ አንድ ባለ 2000 ሊትር ሮቶና የተከራዮቼ ሰባት በርሜሎች አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በመጣች ቁጥር ክደኑ፣ እጠቡ ትላለች። ውሃ በስንት ቀኑ አንዴ እየመጣ በርሜል መድፋት እንዴት ይሆናል? ቴክኖሎጂው ከመጣ ይሄ ሁሉ ድካም ይቀር የለም ወይ?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሳ፤ ድካሙ አይቀርም። የጅቡቲው ትንኝ ድሬዳዋ መጥቶ ልጆችዎን አይነክስም፤ መጥቶም ግቢዎ ያለውን ወባ አያጠፋም። በበጋ ወራት እርስዎን ወባ የምታስይዘው ትንኝ የምትፈለፈለው በቆጠሯቸው ስምንት ዕቃዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ወደ በርሜሉ በሰፊው እመለሳለሁ። አስቀድሞ ግን የሰሙት ወሬ የተለያዩ ነገሮችን ስለቀላቀለ እነሱን መለየት ያስፈልጋል።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. (እ.አ.አ 2024) ከጅቡቲ ከተማ ዳር በምትገኘው አምቡሊ የተለቀቁት፣ ኦክሲቴክ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ያዘጋጃቸው፣ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ ዝርያ ወንዶች ናቸው። ወንድ የወባ ትንኝ አይነክስም። ደም የምትፈልገው እንቁላል የምትጥለው ሴቷ ናት፤ የወንዱ አፍ ቆዳ መብሳት አይችልም፣ የሚኖረው ከአበባና ከተክል በሚመጥጠው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። የተጨመረበት ዘረመል ሥራው አንድ ነው፤ ሴት ልጆቹ እጭ እያሉ፣ ክንፍ ሳያወጡ እንዲሞቱ ያደርጋል። ማራቢያው ውስጥ ሴቶቹ እንዳያልቁ ውሃቸው ላይ ቴትራሳይክሊን ይጨመራል። ይህ እኛ በዓይን ቅባትነት የምናውቀው መድኃኒት ዘረመሉን ያስተኛዋል። ደጅ ሲወጡ ቴትራሳይክሊን የለም፣ ዘረመሉም ይነቃል።

ስሌቱን በቁጥር ላሳይዎት፤ ፍርሃቱ የሚፈታው እዚህ ላይ ስለሆነ። የተለቀቀው ወንድ ከአካባቢው ሴት 100 ልጆች ቢወልድ 50ዎቹ ሴቶች ይሞታሉ፣ 50ዎቹ ወንዶች ዘረመሉን ይዘው ያድጋሉ። ከነዚያ ወንዶች አንዱ ደግሞ ከአካባቢው ሴት 100 ቢወልድ፣ ዘረመሉ የሚደርሳቸው ግማሾቹ ብቻ ናቸው፤ 25 ሴቶች ይሞታሉ፣ 25 ሴቶች ንጹህ ሆነው ይተርፋሉ፣ 25 ወንዶች ይዘውት፣ 25 ወንዶች ሳይዙት ያድጋሉ። በእያንዳንዱ ትውልድ የተሸካሚው ድርሻ በግማሽ ይወርዳል። በአሥራ አንደኛው ትውልድ ከሺህ አንድ በታች ነው። አዲስ ካልተለቀቀ በራሱ ይጠፋል ማለት ነው። እንዲህ ተደርጎ የተሠራው ሆነ ተብሎ ነው።

«ደማቸው ላይ ምን ያደርጋል?» ላሉት፣ በደም በኩል መንገድ የለውም። በሆነ አጋጣሚ አንዲት ተሸካሚ ሴት ተርፋ ብትነክስ እንኳ ከአፏ የሚገባው ምራቅ ነው፤ የትንኝ ዘረመል በንክሻ የሰው ዘረመል ውስጥ ገብቶ አይጻፍም። ስንነከስ የኖርንባቸው የትንኞች ሁሉ ዘረመል እኛ ውስጥ እንዳልገባ ሁሉ ማለት ነው።

የቡርኪና ፋሶው ሌላ ነው። እዚያ ሲሠራ የነበረው ታርጌት ማላሪያ የተባለ የምርምር ፕሮጀክት ነው፤ የሚሠራውም ስቴፈንሲ ላይ ሳይሆን በአፍሪካ ነባር በሆኑት የጋምቢየ ወገን ትንኞች ላይ ነው። እ.አ.አ በ2019 ባና በተባለ መንደር መካን ወንዶችን ለቆ ነበር፤ እ.አ.አ በነሐሴ 2025 መንግሥት ሥራውን አስቆመው። እገዳው ትንኙ ሰው ጎድቷል በሚል ማስረጃ የመጣ አይደለም። ይህ ፕሮጀክት ወደፊት ሊደርስበት የሚፈልገው ቴክኖሎጂ ግን ከጅቡቲው በመሠረቱ ይለያል፤ እንግሊዝኛው «ጂን ድራይቭ» የሚለው፣ ዘረመሉ ለግማሽ ልጆች ሳይሆን ለሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ እየተላለፈ ራሱን የሚያስፋፋበት ነው። ድንበር የሚያሳስበው እንዲህ ያለው ነው፤ እሱ ደግሞ እስካሁን የትም ሜዳ ላይ አልተለቀቀም። ሁለቱን አንድ አድርጎ መፍራትም ሆነ አንድ አድርጎ ማድነቅ ስህተት ነው።

ባቡሩን በተመለከተ ግን ስጋትዎ መሠረት አለው፤ የዘገየ መሆኑ ነው እንጂ። ከዚያ ወደኛ ሊመጣ የሚችለው ክፉ ነገር ቀድሞ መጥቷል፣ እሱም ምንም ያልተለወጠው ስቴፈንሲ ራሱ ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ እስያና የአረብ ልሳነ ምድር ነው። ጅቡቲ ውስጥ የታየው እ.አ.አ በ2012 ነው፤ በዚያ ዓመት አገሪቱ የመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር፣ በ2020 ከ73 ሺህ በላይ ሆነ። እኛ አገር እ.አ.አ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ፣ ቀጥሎ በምሥራቁ ብዙ ከተሞች። እ.አ.አ በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ድሬዳዋ 2,425 የወባ ሕመምተኛ መዘገበች፤ ከሦስት ዓመት በፊት በነዚያው ወራት የነበረው 205 ነው። በአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም የሚሠሩት ፍጹም ታደሰና ባልደረቦቻቸው ያንን ወረርሽኝ አጥንተው በኔቸር ሜዲስን መጽሔት ሲያሳትሙ፣ ከያዟቸው ያደጉ የወባ ትንኞች 97 በመቶው ስቴፈንሲ ነበሩ።

ወራቱን ልብ ይበሉ። ነባሩ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ የዝናብ ልጅ ነው፤ ፀሐይ የሚመታው ኩሬ ሲኖር ይበዛል፣ ሲደርቅ ያልቃል። ለዚህ ነው ወባን ከክረምት ማብቂያ ጋር አያይዘን የለመድነው። ስቴፈንሲ ዝናብ አይጠብቅም። ውሃ በጠፋ ቁጥር ሰው በርሜል ይሞላል፤ በርሜል በተሞላ ቁጥር እሱ ይራባል። የድሬዳዋ ደረቅ ወቅት ለሱ ክረምቱ ነው።

እንግዲህ ቴክኖሎጂው ለምን አያድነንም? አንደኛው ምክንያት የጅቡቲው ወንድ የሚፈልገው የራሱን ዝርያ ሴት ብቻ መሆኑ ነው። ይህ ከአካባቢ ጥበቃ አንጻር ትልቅ ጥቅሙ ነው፤ ሌላ ነፍሳት አይነካም፣ ስቴፈንሲም መጤ ስለሆነ ቢጠፋ የሚጎድል የአገር በቀል ሰንሰለት የለም። ለድሬዳዋ ነዋሪ ግን ጥቅሙ እዚያው ላይ ያበቃል። አረቢየንሲስን አይነካም። ደንጊና ቺኩንጉኒያ የምታስተላልፈውን ኤደስ ኢጂፕቲንም አይነካም። ከተማዋ እ.አ.አ በ2013 በደንጊ፣ በ2019 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ በጣለው ቺኩንጉኒያ የተመታችው በዚያችው ትንኝ ነው፤ እሷም የምትፈለፈለው እዚያው የእርስዎ በርሜል ውስጥ ነው። በደንብ የተከደነ በርሜል ሁለቱንም ይከለክላል። በብዙ ገንዘብ የሚገዛ ልውጥ ትንኝ አንዷን ብቻ።

ሁለተኛው፣ ዘረመሉ በራሱ የሚጠፋ ስለሆነ ልቀቱ መደጋገም አለበት። ማራቢያ፣ ኤሌክትሪክ፣ ሰው፣ በጀት፤ ያቋረጡ ዕለት ትንኙ ከዳር ተመልሶ ይመጣል። ከዚህም ሌላ፣ የሚለቀቁት ወንዶች ከአካባቢው ወንዶች ጋር ተሻምተው ሴቶቹን ማግኘት አለባቸው። የአካባቢው ቁጥር አስቀድሞ በውሃ ማጠራቀሚያ ሥራ ካልወረደ የሚለቀቀው ብዛት አይበቃም። በሌላ አነጋገር ቴክኖሎጂው ቢመጣም የመጀመሪያው ትእዛዝ «በርሜሉን ክደኑ» ነው።

ሦስተኛው የማስረጃ ጉዳይ ነው። የትንኝ ቁጥር ቀነሰ ማለትና የሕመምተኛ ቁጥር ቀነሰ ማለት አንድ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዘረመል ልውጥ ትንኞች ያወጣው መመሪያ ከላቦራቶሪ ተነስቶ፣ በተከለለ ቦታ፣ ከዚያ በትንሽ ሜዳ፣ ከዚያ በሰፊው እየተፈተነ እንዲሄድ ይጠይቃል። ጅቡቲ የጀመረችው ትንሹን የሜዳ ደረጃ ነው። ቴትራሳይክሊኑም ራሱ ሊታይ ይገባል፤ የእንስሳትና የዶሮ እርባታ ፍሳሽ ውስጥ ይህ መድኃኒት በበቂ መጠን ካለ፣ መሞት ያለባቸው ሴት እጮች ሊተርፉ ይችላሉ። ብራዚል ጃኮቢና ከተማ ላይ በቀድሞው የኦክሲቴክ ኤደስ ትንኝ የተደረገ ጥናት ደግሞ፣ የተለቀቁት ትንኞች የራሳቸው ነባር ዘረመል (የተጨመረባቸው ሳይሆን) በአካባቢው ትንኞች ውስጥ ተገኝቷል በማለቱ ትልቅ ክርክር አስነስቷል። ጥናቱ የደረሰበት ድምዳሜ ብዙ ተተችቷል፤ የሚያስተምረው ግን ከልቀት በኋላ ለዓመታት ክትትል እንደሚያስፈልግ ነው።

ሕጉ ይፈቅዳል ወይ? በሩ ዝግ አይደለም፣ ክፍትም አይደለም። የሚገዛው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 896/2007 ነው። ልውጥ ሕያው የሚባለው በዘመናዊ ባዮቴክኖሎጂ ዘረመሉ የተለወጠ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ትንኝም ይገባበታል። ወደ አገር ለማስገባት፣ ለምርምር ለመያዝም ሆነ ወደ አካባቢ ለመልቀቅ ከፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከማመልከቻው ጋር የስጋት ግምገማ ይቀርባል። ማሻሻያው ምርምርን አቀለለ እንጂ ልቀትን ያለ ፈቃድ አላደረገም። እ.አ.አ በ2018 ዘረመሉ የተለወጠው የቢቲ ጥጥ እንዲዘራ የተፈቀደው በዚሁ ሕግ አልፎ ነው። ስለዚህ የድሬዳዋ አስተዳደር ቢፈልግም ብቻውን «እናምጣ» ማለት አይችልም፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅትም እንዲሁ።

ድንበር ስለማቋረጥ ደግሞ ኢትዮጵያም ጅቡቲም ስለ ልውጥ ሕያዋን ዝውውር የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የካርታሄና ፕሮቶኮል፣ አባል ናቸው። በፕሮቶኮሉ አንቀጽ 17 መሠረት አንድ አገር ግዛቱ ውስጥ በሆነ ነገር ልውጥ ሕያው ሳይታሰብ ወደ ጎረቤት ሊሻገርና ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ካወቀ፣ ለጎረቤቱ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በባቡር ወደ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ትንኝ በክንፉ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ሜትሮች ነው። ኮንቴይነር ውስጥ ተደብቆ ቢመጣም ያ ወንድ ዕድሜው ሳምንት ወይም ከዚያ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ድሬዳዋ ገብቶ ቢራባ የሚያደርሰው ነገር ቢኖር ከላይ ባሰላነው መሠረት ጥቂት ሴት እጮችን መግደል ነው።

አንድ ቀን ይህ ሐሳብ በይፋ ወደ ከተማዋ ቢመጣና ለሕዝብ ውይይት ቢቀርብ፣ «ጎጂ ነው አይደለም» በሚል ጭቅጭቅ ጊዜ አይጥፋ። የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ጅቡቲ ላይ የተለካው የትንኝ ቁጥር ነው ወይስ የሕመምተኛ? የድሬዳዋ ስቴፈንሲ ሴቶች ከሚለቀቁት ወንዶች ጋር መገናኘታቸው ተፈትኗል? የከተማዋ ፍሳሽ ላይ ቴትራሳይክሊን ተለክቷል? የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያልቅ የልቀቱን ወጪ ማን ይከፍላል? መልስ ካለ ይታይ። በእኔ አስተያየት ምርምሩን በሩቅ በጥሞና መከታተል ተገቢ ነው፤ በዛሬው ማስረጃ ግን ገንዘብ ቢገኝ እንኳ መጀመሪያ ክዳን ላይ መዋል አለበት።

አሁን ወደ ግቢዎ። «መድፋት እንዴት ይሆናል» ያሉት ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምክሩ የማይሠራው ለዚህ ነው። መድፋት የለብዎትም።

መጀመሪያ ማየት ይልመዱ። የእጅ ባትሪ ይያዙ፣ የበርሜሉን ክዳን ቀስ ብለው ያንሱ፣ ጥላዎ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ከጎን ይቁሙ። ጥላ ሲያርፍባቸው እጮቹ ወደ ታች ይጠልቃሉ፣ ስለዚህ «ምንም የለም» ብለው እንዳይመለሱ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ በነጭ ጭልፋ ወይም ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ከዳር ከዳሩ፣ ውሃው ከበርሜሉ ግድግዳ ጋር ከሚገናኝበት፣ ቀስ ብለው ይቅዱ። የወባ ትንኝ እጭ ውሃው ፊት ላይ እንደተንሳፈፈ ክር በአግድሙ ይተኛል። ጭራው ላይ የመተንፈሻ ቱቦ ኖሮት አናቱን ወደ ታች አድርጎ ተዘቅዝቆ የሚንጠለጠል ካዩ፣ ያ የኤደስ ወይም የተራው ቢንቢ ነው። ሁለቱም ካሉ አይግረምዎት። ከእጮቹ መሐል እንደ ነጠላ ሰረዝ የተጠማዘዙ፣ ትልቅ ራስ ያላቸው ከታዩ ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ክንፍ አውጥተው የሚበሩ ናቸው፤ ያን ዕለት ሳይነኩት አይደሩ።

በድሬዳዋ ሙቀት ከእንቁላል እስከ በራሪ የሚፈጀው ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ነው። የሥራው ምት ከዚህ ይወጣል፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ ያው ቀን። በየአሥራ አምስት ቀኑ መሥራት ምንም ካለመሥራት ብዙም አይሻልም፣ በመሐል አንድ ሙሉ ትውልድ በርሮ ይወጣልና።

ውሃውን ሳይደፉ እንዲህ ያድርጉ። አንድ በርሜል ሁልጊዜ ባዶ ወይም ለባዶ የቀረበ ይሁን፤ ተከራዮቹ ሁሉም ከየበርሜላቸው ከመቅዳት ይልቅ የቆየውን በርሜል አብረው ቢጨርሱ ይህ ይቻላል። ባዶው በርሜል አፍ ላይ አራት ጊዜ የታጠፈ ነጠላ ወይም ሻሽ አጥብቀው ያስሩና የቀጣዩን በርሜል ውሃ በዚያ እያጣሩ ያዛውሩ። እጩ ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ጨርቁን ፀሐይ ላይ፣ ደረቅ መሬት ላይ ያራግፉት፣ በደቂቃዎች ይሞታል። የተራቆተውን በርሜል ውስጡን፣ በተለይ ውሃው ይደርስበት ከነበረው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በሻካራ ብሩሽና በሳሙና ይፈትጉት። ኤደስ እንቁላሏን የምትለጥፈው እዚያ ነው፤ ያ እንቁላል ደርቆ ወራት ይቆያል፣ ውሃ በነካው ዕለት ይፈለፈላል። በማለቅለቅ ብቻ አይለቅም። የወባ ትንኝ እንቁላል ግን ውሃው ላይ አንድ አንድ እየሆነ ይንሳፈፋል፣ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነም ከጨርቁ ሊያልፍ ይችላል። ማጣራቱ በየሳምንቱ የሚደገመው ለዚህ ነው።

ክዳን ሲባል ብዙ ሰው ቆርቆሮ ወይም ጣውላ በርሜሉ ላይ ጣል ያደርጋል። ሴቷ ትንኝ የጣት ውፍረት የማያህል ክፍተት ይበቃታል። የሚሠራው ክዳን ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ወንፊት ወይም ያረጀ አጎበር፣ በርሜሉ አፍ ላይ ተወጥሮ፣ ከካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማ ዙሪያውን የታሰረ ነው። ቆርቆሮው ከዚያ በላይ ይደረብ። ወንፊቱ ረግቦ ውሃውን ከነካ ሴቷ ላዩ ላይ ቆማ እንቁላሏን ልትጥል ትችላለች፤ ስለዚህ በርሜሉን እስከ አፉ አይሙሉ፣ አንድ ስንዝር ይተዉ። ከሁሉ የሚበልጠው ከበርሜሉ ሥር አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቧንቧ ማስገጠም ነው፤ የማይከፈት በርሜል ክዳኑ አይረሳም።

ሮቶው የበለጠ ያሳስበኛል፣ ማንም ስለማያየው። የሮቶ ክዳን በድሬዳዋ ፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ጥርሱም ይለቃል። ሦስት ቀዳዳ ይፈትሹ፤ ክዳኑን፣ የትርፍ ውሃ መውጫውን እና የአየር መተንፈሻውን። ሁለቱ ቱቦዎች አፋቸው ላይ ወንፊት ይታሰር፣ ከክዳኑ ሥርም እንዲሁ። ሮቶው የተቀመጠበት ሲሚንቶ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ካለ እሱም ይደርቅ። መሰላሉ የጸና መሆኑን ሳያረጋግጡ፣ ሥር የሚይዝልዎት ሰው ሳይኖር አይውጡ።

እጭ የሚገድለውን ኬሚካል በሚመለከት፣ በብዙ ቦታ «አቤት» በሚለው የንግድ ስሙ የሚታወቀው ቴሜፎስ፣ ለመጠጥ በሚውል ውሃ ላይ የሚፈቀደው መጠን በሊትር 1 ሚሊ ግራም ነው። 1 በመቶ የሆነው አሸዋ መሳይ ዱቄት ከሆነ ለ200 ሊትር በርሜል 20 ግራም፣ ለእርስዎ ሮቶ 200 ግራም ማለት ነው። ውሃው ሲቀዳና ሲሞላ እየሳሳ ስለሚሄድ ለዘለዓለም አይሠራም። የሚጨምረው ግን የጤና ባለሙያ ነው። ከገበያ የእርሻ ፀረ ተባይ ገዝቶ «ያው ነው» ብሎ በርሜል ውስጥ መጨመር ሰው ይገድላል። ውሃ አጋር ደግሞ ለመጠጥ በሚጨመረው መጠን ጀርም እንጂ እጭ አይገድልም። የተቃጠለ ዘይት የግንባታ ጉድጓድ ላይ ማፍሰስም ይቅር፤ ድሬዳዋ የምትጠጣው ከሥር ነው፣ የሳቢያን የጉድጓድ ውሃ መስክ ደግሞ ደጅዎ ነው። ጎረቤት ቤት የሚሠራ ሰው በላስቲክ አንጥፎ ውሃ የሚያጠራቅምበት ጉድጓድ ካለ፣ በየሳምንቱ ውሃው ለሲሚንቶ ማጠጫ አልቆ ጉድጓዱ አንድ ቀን እንዲደርቅ ይነጋገሩ። የርስዎ ስምንት ዕቃ ተከድኖ የሱ አንድ ጉድጓድ ክፍት ከሆነ ድካምዎ ይባክናል።

አጎበሩንና ርጭቱን አይተዉ፣ ግን ብቻቸውን አይተማመኑባቸው። ስቴፈንሲ ከብትና ፍየልም ትነክሳለች፣ ከቤት ውጭና በረት ውስጥም ታርፋለች፣ ለብዙዎቹ የርጭት ኬሚካሎችም ተላምዳለች። ልጆች ገና ሳይተኙ፣ ምሽቱ ሲጀምር መንከስ ስለምትችልም አጎበር ሁሉን አይሸፍንም። ልጅ፣ ነፍሰ ጡርና በሽተኛ ሰው ግን በየሌሊቱ ሥሩ ይተኙ።

ከተማዋም የራሷ ድርሻ አለባት። ሙምባይ ይህንኑ ትንኝ ስትዋጋ የኖረችው በዋናነት በውሃ ማጠራቀሚያ ሕግ ነው፤ ታንከር ሁሉ ትንኝ በማይገባበት ክዳን እንዲዘጋ፣ ተቆጣጣሪ የሚወጣበት መሰላል እንዲኖረው ማዘጋጃ ቤቱ ያስገድዳል፣ እጭ የተገኘበት ባለቤት ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ ካላረመ ይከሰሳል። የድሬዳዋ ምክር ቤት ተመሳሳይ ደንብ ቢያወጣ፣ ለአዲስ ግንባታ ፈቃድ ሲሰጥም የውሃ ማጠራቀሚያውን አብሮ ቢመለከት፣ ፌዴራል ፈቃድም የውጭ ኩባንያም አያሻውም። ነገር ግን ውሃ በፈረቃ የሚያገኝን ሰው ክዳን ሳይሰጡት መቅጣት ግፍ ነው፤ ገንደ ቆሬም መጋላም በርሜል የበዛው ቧንቧው ስላልታመነ ነው። ወንፊትና ጎማ በነፃ ይታደል፣ ቅጣቱ ከዚያ ይምጣ፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ትልልቅ ግንባታዎችና ተቋማት ላይ።

ስለዚህ ለእርስዎ የምመክረው ቁርጥ ያለ ነገር ይህ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ሰባቱን በርሜሎችና ሮቶውን በወንፊት ያስሩ፤ ከዚያ በየቅዳሜው ጠዋት አንድ ተከራይ በተራ ከእርስዎ ጋር ባትሪና ነጭ ሳህን ይዞ ይዙር፣ እጭ የተገኘበት በርሜል ያን ዕለት ይጣራ፣ ይፈተግ። ለስምንት ዕቃ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ግቢው ውስጥ ሰው ካተኮሰው «ወባ በበጋ የለም» ሳትሉ በዕለቱ ይመርመር። ድሬዳዋ ላይ የተጠናው ጥገኛ ተሐዋስ፣ ቀድሞ በብዛት በምንጠቀምበት ፈጣን መመርመሪያ የማይታይ ዓይነት ነበረበት፤ አርቴሚሲኒን ለተባለው የወባ መድኃኒት መዳከም ምልክት የሆነ ለውጥ ያለውም ተገኝቶበታል። ፈጣኑ ምርመራ «የለም» ብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀ በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ ብለው አጥብቀው ይጠይቁ፣ የታዘዘውን ኪኒንም ትኩሳቱ ስለበረደ ብለው ሳይጨርሱ አያቁሙ።